ዕድሜህ ስንት ነው?

ታምፔሬ፣ ሐሙስ ማታ፤ መጋቢት ተጋምሶ፣
በረዶው ከመንገድ ዳር ጠቁሮ፣ ቆሽሾ፣ ፈርሶ፤
ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ፣
ሰባት ሰው አንድ ሳጥን ከቧል፣ እንዳዋላጅ በምጥ።

ኮሜታ ስምንት ይባላል፤ በዘመኑ ጉድ ያሰኘ፣
ዛሬ ሲያበሩት እንኳን እያቃሰተ የተኛ።
ወተት የመሰለው ገላው እንደ አጫሽ ጥርስ ወይቦ፣
ከፊደላቱ አንዱ ወልቆ፣ ሆዱ በፕላስተር ተሳስቦ።

ኢልፖ ቆመ። (ኢልፖ ሲናገር እጁ አያርፍም፤
የሊፍት ጠጋኝ ነው፣ የቆመ ነገር አይቶ አያልፍም።)
«አዲስ ቦርድ ነድፌያለሁ፤ ፍጥነቱ መቶ እጥፍ፣
ከድሮው ሳጥን ይገባል፣ ብሎን እንኳ ሳይተርፍ።
ስድስት መቶ ሰው ሲያዋጣ ፋብሪካው ይነሣል፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ገብቷል፤ የቀረው ያንሳል።»
አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ሎሚውን ይጠቅስ ነበር፣
ለአንዱ ሸክም፣ ለሃምሳው ጌጥ፣ ሲካፈሉት የሚያምር።

ራይያ መነጽሯን አወለቀች።
«እኔ የምጠይቀው አንድ ነው፤
አንጎሉን አውጥተህ ሌላ ስትከት፣ የሚነሣው ማነው?
ጎረቤቴ ድመቷ ሞታ፣ ሌላ ገዝታ በዚያው ስም ጠራቻት፤
አዲሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን ዞራ አላየቻት።»

ቴውቮ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ጠባሳውን አሳየ፤
«ይህ ጉልበት ቲታኒየም ነው፤ የጥንቱ ተለየ
አምና በጥቅምት። ታዲያ እኔ ቴውቮ አይደለሁም?»
«ጉልበትህን ነው የቀየሩት፤ ጭንቅላትህን ማንም አልነካው።»
ሳቅ ሆነ። ቴውቮም ሳቀ፤
ግን ነገሩ ቆየት ብሎ ነካው።

ከዚያ ሁሉም ባንዴ፤ ስለ ስክሪኑ ሙቀት፣
ስለ ሠሪው ኩባንያ፣ በአንድ ክረምት ስለ መሞት፣
አንትወርፕ ስለ ነበረ ሰው፣ መዋጮ ስለ ሰበሰበ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዉን «በቅርብ ቀን» ስለ ቀለበ።

እኔን ግን ስሰማቸው ሌላ ነገር ከነከነኝ፤
እቁብ ነው ይህ መዋጮ ወይስ እድር፣ ማን በነገረኝ?
እቁብ ከሆነ ተራ አለው፤ ዕጣው ይወጣል አንድ ቀን፤
እድር ከሆነ ድንኳን ነው፤ አብሮ መቀመጥ፣ ሐዘን።

የኢልፖ ልጅ ኬርቱ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ግድግዳ ተደግፋ፣ በረዶ እንዳዘለ ቦቷ፤
«ግን ምን ይሠራል?» አለች።

ዝም አሉ።
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ተንሿሿ።

ቴውቮ ካሴት ከተተ። ጩኸቱ፣ ያ የቆርቆሮ ዝናብ፣
ሦስት ደቂቃ ተኩል፤ ማንም አልተነፈሰም ካጠገብ።
በጥቁሩ ላይ አረንጓዴ ፊደል፣ አንድ ባንድ፣ በዳዴ፦
ዕድሜህ ስንት ነው?
በሁለት ጣት ጻፈ፤ ሃምሳ አንድ።
ማሽኑ አሰበ። (ያኔ ማሰብ ይታይ ነበር።)
ትዋሻለህ፣ አለው።

በዐሥራ አንድ ዓመቱ፣ በዚሁ ቁልፍ፣ እሱው ራሱ
ከሃያ በላይ ያለህን ሰው እንዳታምን ብሎ አዞታል።
ደገመ፤ ሃምሳ አንድ።
ትዋሻለህ።

«አዲሱም እንዲህ ይላል?» አለች ራይያ።
«ይላል፤ ግን ሦስት ደቂቃ አያስጠብቅም፣» አለ ኢልፖ።
ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

ቴውቮ አልሰማቸውም።
ዐሥራ አንድ ብሎ ጽፎ፣
መጨረሻውን ቁልፍ ሳይጫን፣ ጣቱን አንሥቶ ተቀምጧል።