ቦራ

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ ስም አለው፤ ቦራ ነው የሚሉት፤
እኛ ቦራ የምንል ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያረፈበት።
የነሱ ልጓም የለው፤
ከካርሶ አምባ ወርዶ ባሕሩን እስኪነካ ጋላቢው ራሱ ነው።

እኔ አሮጌ ፒካፕ አለኝ፣ ዕድሜዋ ከልጄ የሚበልጥ፣
ናፍጣ ስትጠጣ የማታፍር፣ ሒሳብ ሲመጣ የማትደነግጥ።
መቶ ሁለት የፈረስ ጉልበት ይላል ሊብሬዋ፤
የማይግጥ አንድም የለ ከመቶ ሁለቱ ፈረሷ።
ሸክላ ንጣፍ ጭኜ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ለማልበስ ስወጣ፣
የኦፒቺና ዳገት ሳይጋመስ መርፌዋ ቁልቁል ተቀምጣ
ታፈጥብኛለች፤ ናፍጣ።

ያን ሰሞን ፋብሪትሲዮ፣ የቅዳሜው ገበያ፣ ምላሱን ማር የቀባው፣
ሁለት ማግኔት አውጥቶ ከመዳፌ አስቀመጠልኝ፤
«ቱቦው ላይ ግጠማቸው፣ ናፍጣው ይሰለፋል፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው፤
ሠላሳ በመቶ ትቆጥባለህ፣ እናቴ ትሙት!» አለኝ።
እናቱ ከጎኑ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤
ስልሳ ዩሮ ሰጠሁት፣ ለእሷም ዕድሜ በመመኘት ጭምር።

በሳምንቱ ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ሣጥን፣
አረንጓዴ ዓይኗን የምታርገበግብ፤ «ሞተሩን ታስተምራለች» ተባለ።
በወሩ ታንከሩ ውስጥ የሚጣል ኪኒን፤
ለእኔ ቁርጥማት እንኳ ይህን ያህል መድኃኒት የለ።

«ተሻላት?» ትለኛለች ወሰንየለሽ፣ ጫማዬን ሳወልቅ በራፍ ላይ።
«ተሻላት» እላለሁ፤ የከፈለ ዓይን ለውጥ ያያል፣ ለውጥ ሳይታይ።
እሷ ግን ደብተር አላት፤ ኪሎሜትር በግራ፣ ሊትር በቀኝ፣
ታንከሩ ከሞላበት እስኪሞላ፤ ሁለት ወር ጻፈች፣ ቃል ሳትነግረኝ።
ከዚያ አንድ ምሽት ገልጣ፦
«በፊት በመቶ ኪሎሜትር ዐሥራ ሦስት ሊትር፤ ዛሬም እንደነበረው።
ማግኔቱስ ይስባል፤ የሳበው ግን ኪሳችንን ነው።»

ድራጎ፣ ከላይ ሰፈር ያለው ስሎቬኑ መካኒክ፣ ሣጥኗን በሰንጢ ፈለቀቃት፤
አንዲት አምፖል፣ አንዲት ሽቦ፤ የሽቦዋን ጫፍ ከምንም ሳትያያዝ አገኛት።
አልሳቀብኝም።
ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አርጎ፣ «ይሄ ተኝቷል» አለ፣ «ቀስቅሰው።
ነፋስ ከፊት ሲመጣ ይበላሃል፤ ጎማህ ውስጥ ሲገባ ያበላሃል፣ ያውም በነፃ ነው።»
የአየር ማጣሪያዋን አራገፈው፤ የሦስት ቤት ሸክላ አቧራ ወረደ።
ባዶውን የሚያፏጨውን የመሰላል መደርደሪያ ከጣራዋ ፈትቶ ጥግ ወሰደ።

ከዚያ ከኋላ ሸራውን ገለጠ። «ይሄስ?»

«ይሄ የአስናቀ ነው፤ ሁለት ሺህ ዩሮዬን ይዞ ማልሞ የገባ።
ማቡኪያውና መቁረጫው መያዣ ነው፤ ሳይከፍለኝ ከዚህ አይወርድ፣ ቤትም አይገባ።»
«ስንት ዓመት?» «አራት።» «ስንት ኪሎ?» «መቶ ሰማንያ።»
ድራጎ በሸራው አቧራ ላይ በጣቱ ሒሳብ ጀመረ፤
ግማሽ ላይ ተወውና እጁን ጠረገ፤ «አንተ ጨርሰው» አለ።

ጨረስኩት፣ ዳገቱ ላይ፣ በዚያው ማታ፤
ባለዕዳው በባዶ እጁ ሄደ፤ እኔ አበዳሪው ወለዱን እከፍላለሁ፣
በሊትር፣ በየማደያው ተርታ።
በማግስቱ ለአንድ ግንበኛ በሦስት መቶ ሸጥኩት።
አስናቀን ማርኩት ማለት አይደለም። አወረድኩት።

አሁን እግሬ ከመርገጫው ሥር እንቁላል እንዳለ ሁሉ ቀስ ይላል፤
በሰዓት ዘጠና። ከኋላዬ ያለው መብራት ያርገበግባል፣ አልፎኝም ይሳደባል።
ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታየኝ እለቃለሁ፤ ለመቆም ልሮጥ ምን አስቸኮለኝ?
ቦራ የመጣ ቀን ግን ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ለእሱ መላ አልተገኘ፣
ፋብሪትሲዮም አልሸጠልኝ።

ደብተሩ ዐሥር ነጥብ አራት ይላል። ወሰንየለሽ ምንም አላለች፤
ብቻ ማግኔቶቹን ከቱቦው አስፈትታ፣ አጥባ፣ ወጥ ቤት ይዛ ገባች።
የናፍጣ ደረሰኛችንን ፍሪጁ በር ላይ ይዘው ይኸው ቆመዋል፤
መስኮት ተከፍቶ ቦራ ሲገባ
ሌላው ወረቀት ሁሉ ይበራል።