ሰባተኛው ወንበር

ሃያ አራት ነበርን፣ ስድስት ነው ወንበሩ፤
ገና አልደረቀም ቀለሙ የበሩ።
ከካላማ ማዶ፣ ከመዳቡ ጉድጓድ፣
አቧራችንን ለብሰን፣ በአውቶቡስ ባንድ፣
ሹፌር ሊማር መጣ ያለሹፌር መንገድ።

ዓይኔ ላይ ነሽ ዛሬ፣
ከፊተኛው ረድፍ፣ ኤውዶሲያ አያቪሬ፤
ጓንትሽን ጉልበትሽ ላይ እንደ ድመት አጥፈሽ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመሰላል ወጥተሽ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመሰላል ወርደሽ፣
ጎማው ብቻ በቁመት እጥፍ ከሚበልጥሽ
ከዚያ ቢጫ ተራራ ትከሻ ላይ ሆነሽ፣
ሦስት መቶ ቶን ድንጋይ እንደ እንቁላል ይዘሽ።

«ፍሬን በእግር አይያዝም፣ በወገብ ነው» ያልሽኝ፣
ቁልቁለቱን በጨለማ በጆሮ ያስነዳሽኝ
አንቺ ነሽ። ጢም ሳላበቅል ገና።

መምህሩ ባልታሳር ልጅ ነው፣ ትሑት ነው፤
ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁም ለስላሳ ነው።
«ማሽኑ አይቀማችሁም፤ ቦታ ያስለውጣችኋል»
ብሎ አስረዳን። ቀጥሎ ወረቀት አደለን፦
«የምታውቁትን ጻፉ።» መስመሩ ሦስት ነው።
የእኔን ሞላሁ ሦስቱን፦ ፍጥነት፣ ርቀት፣ ክብደት።
ያንቺን ሰርቄ አየሁት። አንድ ቃል ብቻ፦
«ነፋሱን።»

ባዶ ሰጡሽ።
ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ ክፍል። ሠንጠረዡ ነው።

የዘጠኝ ወር ደሞዝ፣ ሰዓት ከነሳጥኑ፣
ጭብጨባም ነበረ። አለፈ ያ ቀኑ።
ጎማ ጠጋኙ ኒካኖር መፍቻዎቹን ሸጠ፤
የፊሎሜና ድስት በየወሩ አነሰ፤
ማሽን ምሳ አይበላም፣ ጨው በዛ አይልም፣
ዱቤ አይጠይቅም፣ «ልጅሽ ተሻላት?» አይልም።
ለሹፌር ስድስት ወንበር። ለድስቷስ?

እኔ አለፍኩ።
አንቶፋጋስታ ነው ቢሮው፣ ከባሕሩ ዳር፤
ባሕሩ ግን አይታይም፣ መጋረጃው ወፍራም ነው።
ስምንት መኪና በስምንት መስኮት እጠብቃለሁ፤
ጣቴ ነው የሚሠራ፣ ወገቤ ሥራ ፈቷል።

አንድ ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቁጥር አሥራ አራት ቆመ።
«ግድግዳ አለ» ይላል። በረሃ ላይ ምን ግድግዳ!
ባልታሳር መመሪያ ገለጠ፣ ሌላው ስክሪኑን ነካካ፣
እኔ ወደ አንቺ ደወልኩ።
ሳህን ታጥቢ ነበር፤ ውሃው ይሰማኛል።
«ስንት ሰዓት ነው?» አልሽ።
«አሥር።»
«የምዕራቡ ነፋስ ነው። አቧራው ነው ግድግዳው።
የታችኛውን መንገድ ውሃ ርጩት፣
ለነፋሱ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ስጡት።»

ሰጠነው። ሄደ።

ሁለተኛም ደወልኩ፣ ሦስተኛም፣ አራተኛም፤
በአምስተኛው ግን ቧንቧውን ዘጋሽና፦
«ልጄ፣ ይህ ሁሉ መልስ፣ መልስ የለውም ወይ?
ባለሱቅ እንኳ መቶ ሲሰጡት መልስ ይሰጣል።»

አፈርኩ።
ማታውኑ ከማኅበሩ፣ ከሴቬሮ ጋር፣
ደብዳቤ ጻፍን፣ አሳጠርን፣ እንደገና ጻፍን፦
ትምህርቱ ከማሽኑ ይቅደም፣ አይከተለው፤
የሚቀሩት ብቻ ሳይሆኑ የሚሄዱትም ይማሩ፤
የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወንበር ዘርግቶ ያስተምር፣
ደሞዙም ከነስሙ በመዝገብ ይስፈር።
ድስቷን ረሳናት።
ጠዋት ትዝ ብሎን ከግርጌው በእጅ ጨመርናት።

ፊርማ ይጠብቃል። ሦስተኛ ወሩ ነው።

እስከዚያ ከምግብ ቤቱ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣
እግሩ የሚነቃነቅ፣ ጎትቼ አመጣሁ፤
ከስድስቱ ጎን፣ ከቀኜ አኖርኩት።
«የማን ነው?» አለ አለቃው።
«የነፋሱ» አልኩት።
አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፤
ስልኩን አነሳሁ።