የማይቀልጥ በረዶ

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከንጋት አስቀድሞ፣
አውቶቡሴ ቆሟል ፖርቴጅ ላይ አዝግሞ።
አንዲት ልጅ ተሳፍራ፣ በእናቷ ታቅፋ፣
ሰማያዊ ኮቴን በጓንቷ አራግፋ፣
«በረዶ አለብህ» አለችኝ በትሕትና።
እሷ ኮፍያ ላይ ያለው ቀልጦ አልቋልና፣
የኔው ግን ነጭ ሆኖ እንዳለ ነው ገና።
እናትየው አፍራ እጇን ሳብ አረገች፤
እኔ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ቀረች።

ፎረፎር ነው ስሙ፤ የራስ ቆዳ ዱቄት፣
ካልነኩት የሚያሳክክ፣ ሲያኩት የሚሆን እሳት።
ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ጥቁር ኮት አልለብስም፣
«አያዝንም እንዴ?» ብሎ ሰው ሁሉ ቢያማኝም።

ቤታችን ምድር ቤት ነው፤ ማሞቂያው ሌት ተቀን
እያፏጨ ይነፍሳል፣ አድርቆ ሊያስቀረን።
ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ይልጣል ተረከዝ፤
የራሴንስ ተዉት፤ የቅርፊት መዘዝ።

የካልጋሪዋ እኅቴ፣ ትርፌ፣ በስልክ አዘዘች፤
«ቅቤ ነው፣ ቅቤ ነው፤ ሌላ አትስማ!» አለች።
ቀባሁ። በሻሽ አሰርኩ። ሦስት ቀን ተኛሁበት።
ፎረፎሩ ወፈረ፤ ለካ ቀለብ ሰፈርኩለት!

ኮራዞን ደግሞ አለች፣ የማኒላ ልጅ፣
በአውቶቡስ ጋራዡ ለሁሉ ወዳጅ።
ትንንሽ ሎሚ ሰጠችኝ በፌስታል አድርጋ፤
«ጨምቀህ እሸው» አለች። አሸሁት ሳልሰጋ።
የታከከው ቁስል ውስጥ ሲገባ አሲዱ፣
ስማቸውን የማላውቅ ቅዱሳን ከአፌ ወረዱ።

የፖም ኮምጣጤም ሞከርኩ በውኃ አቅጥኜ፤
ማሳከኩስ ጋብ አለ፤ ግን ሰላጣ ሆኜ
ሥራ ገባሁ።

አስካለ ስትገባ እኔ ነኝ የምወጣ፤
የባለቤቴ ፈረቃ ሲያልቅ የኔ ነው የሚመጣ።
ከመስከረም ወዲህ፣ በአንድ ክፉ ቃል ሰበብ፣
ለወንድሜ በላክሁት፣ ሳላማክር፣ ገንዘብ፣
«ሾርባው ፍሪጅ ውስጥ ነው» ነበር ንግግራችን፤
ከአየሩም ይበልጥ ደርቆ ነበር ቤታችን።

እሑድ ጠዋት ስነሳ፣ በባዶ እርጎ ዕቃ
አብሽ ተነክሮ አድሯል፤ አብጧል እስኪበቃ።
«ወጥ ልትሠሪ ነው?» አልኳት። «ቁጭ በል» አለችኝ፤
ትከሻዬን በፎጣ ሸፍና አስቀመጠችኝ።
ፈጭታ፣ ከሬት ዝልግልግ ጋር አንድ ላይ ለውሳ፣
መስኮት ላይ ካሳደገችው አንድ ቅጠል ገምሳ፣
ፀጉሬን በመስመር ከፍላ፣ እንደ እርሻ ትልም፣
ቀባች። ቀዘቀዘኝ። ቃል አልተናገርንም።
«ግማሽ ሰዓት» አለች፤ «ከዚያ በፊት አይታጠብም።»

ግማሽ ሰዓት እንዲህ መሆኑን ረዥም
አላውቅም ነበረ። ስልኬ አጠገቤ የለም።
እሷም አልሄደችም።
ራሴን በራሴ ሳክ፣ ራሴን በራሴ ሳክም
የከረምኩት ሰውዬ፣ አንገቴን ሰጥቼ ዝም።
ጠብ ያለውን ጠርጋ ከጆሮዬ መዳረሻ፣
«ወንድምህ እንዴት ነው?» አለች በመጨረሻ።

አሁን መጋቢት ነው፤ ቀዩ ወንዝ በረዶውን
በሌሊት ሲሰነጥቅ እሰማለሁ ድምፁን።
ኮቴም ጠርቷል። ሕፃናት ዝም ብለው ያልፋሉ።
ግን ቅዳሜ ሲመሽ፣ ልጆቹ ሲተኙ ሁሉ፣
አስካለ የአብሹን ዕቃ ከመደርደሪያው አንስታ
«ድነሃል መሰለኝ» ስትል የፀጉሬን ሥር አይታ፣
«እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው፤ ከጆሮዬ በኋላ
ትንሽ ሳይቀር አይቀርም» እላለሁ።
ትስቃለች። ትነክራለች አብሽ፤ አንድ ማንኪያ፣ ሌላ።