የአባቴ ጓንት

ከለገሃር ማዶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጣራ፣
ወጥቼ እቆማለሁ፣ ፀሐይ ሳትበራ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሣጥኗን እከፍትና፣
የትናንቱን ወረቀት በወረንጦ አነሣና፣
በቦታው አዲስ ነጭ፣ ክብ ወረቀት አኑሬ፣
ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ አስፍሬ፣
መውረድ ነው።

ሣጥኗ ሳንባ ናት፤ ሌት ተቀን ትስባለች፣
ከተማው የተፋውን ዝም ብላ ትውጣለች፤
እንደ እኛ አታስልም።
ነጭ አድርጌ ያኖርሁት፣ ሲነጋ ስከፍተው፣
የከሰል ነጋዴ መዳፍ ነው የሚመስለው።

ይህን ጥቁረት ግን እኔ ዐውቀዋለሁ፤
ከመሣሪያው በፊት በሳፋ አይቼዋለሁ።

አባቴ፣ ዐሥር አለቃ ጥሩነህ አንለይ፣
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሜክሲኮ አደባባይ፣
በነጭ ጓንት እጁ «ቁም!» ሲል፣ «እለፍ!» ሲል፣
አውቶብሱ ሁሉ ፊቱ ላይ ሲያስል፣
ይመሽና ይመጣል።
እናቴ ጓንቱን በሳፋ ትዘፈዝፋለች፤
ውሃው ይጠቁራል፤ ትደፋለች፣ ትቀዳለች።
«ጓንቱስ በሳሙና ይነጣል» ትላለች፤
«ሳንባውን በምን ልጠብ?»
እና ዝም ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ቀን፣ ባነር ተዘርግቶ፣
ኃላፊው ሪባኑን ሊቆርጥ ብቅ ብሎ መጥቶ፣
(መቀሱ ደንዞ ነበር፤ ሁለቴ ታገለ)
«ንጹሕ ቴክኖሎጂ! ንጹሕ አየር!» አለ።
አምስት አውቶብስ ቆሟል፣ ጭስ ማውጫ የሌለው፤
አራቱ ተነሡ፣ ኮሽ ሳይል ጎማቸው።
አምስተኛው ግን ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣
ባትሪው ባዶ አድሮ፣
በአሮጌ የናፍጣ ክሬን ተጎትቶ፣
ጭስ ለብሶ ሄደ።
ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አባቴን ወስጄ፣ በድሮው ቦታ፣
ሜክሲኮ ጠርዝ ላይ አቆምሁት ለአፍታ።
ከዘራውን ተደግፎ ጆሮውን አቀና፤
አዲሱ አጠገቡ ደርሷል፣ አልሰማውም ገና።
ሳያስል አለፈ።
«እኔ አውቶብስ የማውቀው በሳሉ ነበረ፤
ዝም ያለውን በምን?» ብሎኝ ተቸገረ።
ሁለተኛው ሲመጣ ባዶ እጁን፣
ጓንት የሌለበትን፣
ቀስ አርጎ አነሣ፦ እለፍ።
ሹፌሩ ሳቀለት።
ከዚያ እንደ ልማዱ ፊቱን ጠራረገ፤
መሀረቡን ግን
ገልጦ ሳያየው ኪሱ ሸሸገ።

ዓርብ ጠዋት፣ ጣራው ላይ፣ ሣጥኗን ከፈትሁ።
አራት አውቶብስ! ከተማው ስንት ነው?
ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።
ወረቀቱ ያው ነው፦ መዳፍ፣ ከሰል፣ ጥቁር፤
«ቀንሷል» ብዬ ጽፌ በሐሰት አልመሰክር።
ቀኑን ጻፍሁ፤ ዓርብ።
ሌላ ነጭ አኖርሁ።