የኦድቫር አውራ ጣት

በእኛ ደሴት፣ በኖርዌይ ጫፍ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ብቅ አትልም፤
ቀን የምንለው ደብዛዛ ሰማያዊ ነው፣ ብርሃን እንኳ አይባልም።
ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የዓሣ ማስጫው ርብራብ
እስከ የካቲት ባዶውን ቆሞ ያፏጫል እንደ ራብ።
እሑድ ረፋዱ ላይ፣ መብራት አብርተን፣
ዘጠኝ ልጆች፣ የራሰ ጓንታችንን ምድጃው ላይ አስጥተን፣
የኦድቫርን ሻንጣ እናያለን አፋችንን ከፍተን።

ኦድቫር ማለት በመርከብ ላይ ሠላሳ ዓመት ትኬት ሲበሳ የኖረ፣
ጣቱ ወፍራም፣ ትከሻው ወደ ግራ የዞረ፣
ጡረታ ሲወጣ በፖስታ ባስመጣው መጽሐፍ ምትሐት የተማረ።
ቦርግሂልድ፣ ኦርጋን የምትመታው፣ ወንበሯን አዙራ ትቀመጣለች፤
«በእግዚአብሔር ቤት ምትሐት?» ብላ ገና ድሮ ጠይቃዋለች።
«ምትሐት እንኳ አይደለም፤ ማታለል ነው» ሲላት
ጭራሽ ባሰባት።

ያን እሑድ ቀይ መሐረብ አወጣ፤ «ይኼ ኃጢአት ነው» አለ፤
በአውራ ጣቱ እየገፋ ወደ ግራ ጡጫው ጠቀለለ።
እፍ! ጡጫውን ፈታ፤ መዳፉ ባዶ፣
ከመስኮቱ ውጭ አገሩን የሞላ በረዶ።
«እንደ አለላ ቢቀላ እንኳ…» ብሎ ጥቅሱን ሳይጨርስ
ትንሿ ሶልቬይ ዘልላ እጅጌውን ያዘች፣ ልትበረብር ልትዳብስ።
ምንም የለም።
እኔ ግን ከምድጃው በስተግራ ነበርኩ፤ ከዚያ ሲያዩት አይሰወርም፦
ዘጠኝ ጥፍሩ በሞተር ግራሶ የጠቆረ፣
አሥረኛው ጽዱ፣ ሰም መስሎ የቀረ፣
ከሥሩም ቅንጣት ቀይ ጨርቅ ብቅ ብሎ የነበረ።

በዚያ ዓመት እናቴ «ለአንድ ሳምንት ነው» ብላ መርከብ ተሳፍራለች፤
መስከረም ነበር። አባቴን ስጠይቀው አሁንም «ትመጣለች»።
ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ሲጨብጡ አያለሁ፤
ሌላው ሲያጨበጭብ እኔ ጣት እቆጥራለሁ።

ልጆቹ ሲበተኑ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ዘገየሁ።
«ጣትህ ውስጥ ነው» አልኩት። «ማየትህን አየሁ»
አለና አወለቀው። እኔ ጣት ላይ ሲያጠልቀው
ባርኔጣ አከለ፤ ውስጡ ገና ይሞቃል፣ ላቡ ሳይለቀው።
«ጌታስ?» አልኩ፤ «ያ ወይን ጠጅ፣ ያ አምስት እንጀራ፣
እሱም እንዲህ ያለ ጣት ነበረው፣ ከወደ ግራ?»
ቦርግሂልድ የኦርጋኑን ክዳን እንደያዘች ቀረች፤
ምድጃው ውስጥ እርጥቧ ፍልጥ ሁለቴ ጮኸች።
ኦድቫር ከኪሱ አሮጌ ትኬት አወጣ፣ መሃሉ የተበሳ፤
በቀዳዳው መብራቱን አየ፤ ወደ ዓይኔም አነሳ፦
«የእኔን አገኘኸው። የእሱ እጅ ግን ተበስቷል፤
በተበሳ እጅ ውስጥ ሰው ምን ይደብቃል?»

መልሱ ጣፈጠኝ። ግን ያኔውኑ አላመንኩትም፤
ጥሩ መልስ ከዋሾም ቤት አይታጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ያለዚያ ጣት ቆመ፤ ጣቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።
መሐረቡን ጠቀጠቀ፤ እፍ አለ፤ ጡጫውን ሲፈታው
ቀይ! እንዳለ ቀይ! ሶልቬይ በሳቅ ከወንበሯ ወደቀች፤
ኦድቫር ጆሮው ቀልቶ፣ «አያችሁ» አለ፣ «እኔ ማጥፋት አልችልም»፤
ጥቅሱንም አልጨረሰም።
ቦርግሂልድ ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

እናቴ በፋሲካ መጣች፤ ደግሞ ሄደች፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።
አሁን ያን መርከብ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ትኬት የሚበሳ የለም፣ ሁሉም በስልክ ነው።
ጣቱ ከመሪው አጠገብ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ጥፍሩ እንደ ጸዳ፤
ከውስጡ አንዲት ቀይ ክር ቀርታለች፣ የመሐረቡ ዕዳ።
ጎትቼ አላወጣኋትም።