ይታይሽ

ከጓሳ ማዶ ነው፣ መሃል ሜዳ ያመጧት በሌሊት፣
አራት ወንድ ተቀባብሎ በቃሬዛ አንዲት ሴት፤
ውርጭ ያረጠበው ባና ከላይዋ ተደርቦ፣
ትኩሳቷ ከሥሩ፣ ፍም በአመድ ተከቦ።

"ስምሽን?"
"ይታይሽ።"
ካርዱ ላይ ጻፍኩና ቀኝ ጎኗን ዳሰስኩኝ፤
ከጎድኗ ሥር ስደርስ እጄን ጭብጥ ያዘችኝ።
ሦስት የተኩስ ጠባሳ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ሳንቲም፣
የመንደሯ አዋቂ ያተመባት ማኅተም።

"ከሰኔ ጀምሮ ይሄ ጎኔን ያመኛል፤
ኮሶውን ጠጣሁት፣ ጠበሉም ፈስሶልኛል፣
ወስፋቴ ነው መሰል፣ ውስጤን ይሰረስረኛል።"

ዝም አልኩኝ።
በእኛ አፍ ወስፋት ሁለት ነው፤
አንደኛው ትል ነው፣ አንደኛው ረኃብ ነው።
ነሐሴ ላይ ገብሱ ከጎታ ሲያልቅ የሚጮኸው
የትኛው እንደሆነ ጠይቆ ማን ለየው?

ማሽኑን ከፈትኩት። ጄኔሬተሩ ሁለቴ ሳለና ተነሣ።
"ጄሉ ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ" አልኳት፤
"ከጓሳ ውርጭ ይብሳል?" ብላ ሳቀች፣ ሳቁ አመማት።

ጉበቷ ላይ ጥቁር ጉድጓድ፣ ጠርዙ የተበላ፣
እንደ ክረምት ኩሬ በደለል የሞላ፤
መግል ነው። እሱንስ አውቃለሁ።
ከመካከሉ ግን አንድ ነጭ መስመር፣
ሁለት ጠርዝ ያለው፣
እጄን ሳላነቃንቅ እሱ የሚዞር።

ደም ሥር ነው? የሐሞት ቦይ? የመሣሪያው ስሕተት?
ያነበብኩት ሁሉ ጠፋብኝ በዚያች ቅጽበት።
እሷ አንገቷን አዙራ ስክሪኑን አየችው፤
አርባ ዓመት እንዝርት ያሾረ ጣቷን ቀሰረችው፦
"ፈትል ነው" አለችኝ፣ "ገና ያልተገመደ፤
እኔን ሳይጠይቅ ሆዴ ውስጥ ሊፈትል ማን ወረደ?"

ማደንዘዣ ወጋኋት። ረጅሙን መርፌ
በሁለት ጎድን መሃል፣ ዓይኔ ከስክሪኑ፣ ቀስ አድርጌ…
ድንገት ላላ።
ሲሪንጁ ሞላ፤
ወፍራም፣ ቢጫ፣ የሚከረፋ።
ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዘጠኝ በኋላ ቁጥሩ ጠፋ።
ነርሷ ዘነበወርቅ መስኮቱን ከፈተች፣
ይታይሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ቀጭን ቱቦ ተውኩላት፣ የቀረው እንዲያፈስስ፤
በደም ሥሯ መድኃኒት፣ በአፏ የትል ክኒን።
"እምቢ ካለ ደብረ ብርሃን እልክሻለሁ፣ ለቀዶ ጥገና።"
"ደብረ ብርሃንን አይቼው አላውቅም" አለች፣ እንደ መመኘት ብላ።

በአራተኛው ቀን ደግሜ አየሁት፤ ጉድጓዱ ጠቧል፣
ፈትሉ አይዞርም፣ እዚያው ተቆራርጧል።
ለልጆቿም ክኒን በወረቀት ጠቀለልኩ፤
"ምንጫችሁ ታጥሯል ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ።
"እኛም በሬውም አንድ ላይ ነው የምንጠጣው።"
ብዕሬን ይዤ ቀረሁ።
ምንጭ በሐኪም ወረቀት አይታዘዝም።

በማግስቱ ንጋት "ወስፋቴ ጮኸ!" ብላ ተጣራች፤
ዘነበወርቅ ደንግጣ ወደ ክኒኑ ሮጠች።
"የትኛው ወስፋት?" አልኳት፣ ጎንበስ ብዬ።
"ያ የጥንቱ" አለች፣ "የእግዜሩ።
ምነው፣ በሶ የለም እንዴ እዚህ አገሩ?"