የሐረጎ ድንጋይ

ካርታውን ዘረጉት፤ ጠረጴዛው ሞላ።
ደሴ ጉም ለብሳለች ከመስኮቱ ኋላ።
የአንደኛው አገር ሰው ቀይ እርሳስ አነሣ፣
የሁለተኛው ጥቁር፤ አይታይም ጦሳ።

አሊጋዝ ነው ስሜ፣ የአስታራቂው ሾፌር፤
በር ላይ ቆሜ ሰማሁ አራት ቀን ሲነገር፦
«ከወንዙ ወዲያ ነው»፣ «ከወንዙ ወዲህ ነው»፤
የወንዙም ስም ሁለት፣ ለየብቻ ጽፈው።
«ድንበር» ይባል? «ወሰን»? ሲባል ሲባል ውሎ፣
የጸሐፊዋ የከድጃ እስክሪብቶ ቀረ ተንጠልጥሎ።

አባቴ አበጋር ነበር። ደም ሲያደርቅ አውቃለሁ፤
ካርታ አልነበረውም። «ከብቱ የት ነው የሚጠጣው?» ሲል ሰምቻለሁ።
እዚህ ግን ስለ ከብት ያነሣ አልነበረም፤
የእርሳሱ ውፍረት ስንት መንደር እንደሚውጥ የጠየቀም የለም።

አራተኛው ሌሊት። በሐረጎ ስንወርድ ወደ ኮምቦልቻ
(ብርዱን አልቻሉትም፤ ደሴ ለቀን ብቻ)፣
ጉሙ ጠመዝማዛውን እንደ አሬራ ሞልቶ፣
አንድ ከባድ መኪና፣ ስሚንቶ እንደጫነ፣ ጎማው ፈንድቶ
መንገዱን ዘግቶታል። ረዳቱ ድንጋይ ደርድሯል ከኋላው፣
በጉም ውስጥ የሚመጣ እንዳይገጨው።

ሁለቱ የልዑክ መሪዎች ወርደው ቆሙ በየፊናቸው፣
ክብ ክብ የስልክ ብርሃን ወድቆ ከጫማቸው።
አንድ ሰዓት ፈጀ። ረዳቱ ዘሎ ተሳፈረ፤
ከባዱ ሄደ፤
ድንጋዩ ግን እዚያው ቀረ።

ሾፌር ያውቀዋል፦ እንዲህ የተተወ ድንጋይ
ስንቱን በማግስቱ ፈጀ፣ መታጠፊያው ላይ።

አንዱን አንከባለልሁ፤ ትልቁ ከበደኝ።
የወዲያኛው ሰውዬ፣ ሳልጠራው፣ አገዘኝ።
የወዲህኛውም መጣ። ጫፍና ጫፉን ይዘው፣
«አንድ፣ ሁለት» ተባብለው፣
ጎንበስ ብለው ወስደው ከቦዩ አኖሩት፤
በአንደኛው መሀረብ የሁለቱንም እጅ ጠረጉት።

ሲነጋ ጠረጴዛው እንደገና ሞላ።
ያው ቀይ፣ ያው ጥቁር፤ ያው ጉም ከመስኮት ኋላ።
«የወሰኑ ድንጋይ እዚህ ይተከል!» «አይሆንም፣ ወደዚያ!»
አልፈረሙም። ቀጠሮ ተያዘ፣ ለሚያዝያ።

ወደ አውሮፕላኑ ስንወርድ፣ ከዚያች መታጠፊያ ስንደርስ፣
ከፊቴ ያለው መኪና ቀስ አለ፤ የኋላዬም ቀስ።
የዘጋን ነገር የለም። መንገዱ ባዶ ነው።
ሁለት መስኮት ወረደ። ሁለት ፊት ወደ ቦዩ፣ ዝም ያለው።

«ምን አለ?» አለኝ አስታራቂው፣ እንቅልፉን ከዓይኑ አሽቶ።
«ምንም የለም» አልሁት። ቦርከና ታየን፣ ከታች፣ ደፍርሶ፣ ሞልቶ።